በጭማቂ ልክ የተሰፋው ቬሎ

ጥር 12

ለድንቡሼ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ተቆጥቻለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ደረጃ ስትወጣ ብቻ ጉልበቷን ያማታል። እኔም ደህና ነኝ። ይኸው ሰላምታው አለቀ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አይ፣ ቬሎውን ማንም አልነካውም። ከታላቅ እህታችን ከእትዬ ቀብር በኋላ ለክተሽው፣ ዚፑ ወገብሽ ላይ ቆሞ አልዘጋ ብሎሽ፣ «ከእትዬ እጅ በኋላ ማንም መርፌ እንዳያሳርፍበት» ብለሽ ሁለታችንንም አስምለሽን ሄድሽ። በማግስቱ እማዬ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉ ከሹራቧ ኪስ አይወጣም።

አይ፣ የስፌት መኪናውም አልተሸጠም። ክፍሉን የምጠርገው እኔ ነኝ። እትዬ ከሄደች ይኸው ስንት ጊዜ ጠረግሁት፣ ክሩ ግን አያልቅም። ከምንጣፉ ሥር፣ ከወንበሩ እግር፣ ከእኔ ካልሲ ሳይቀር ክር ይወጣል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ አሁንም ወደዚያው ይወስደኛል። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እፈታለሁ፤ ሥራችን እንዲህ አልነበር? ልብስ የጠበበው ደንበኛ ሲመጣ ምላጩን ታቀብለኝና «ሰማያዊውን ብቻ፣ ጭራሮ! ነጩን ከነካህ ጣትህን ነው የምፈታው» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን መለቀቁ አይቀርም ብላ የጠረጠረችውን ስፌት ሁሉ ከውስጥ በሰማያዊ ክር ነበር የምትሰፋው፣ ለሚፈታው ሰው እንዲታየው። ሌላ ልብስ ሰፊ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። አሁን የምፈታው የለኝም።

እንግዲህ ወደ ተቆጣሁበት ነገር ልምጣ። እንደገና ጭማቂ ጀመርኩ ብለሽ ጻፍሽልኝ። የዛሬ ዓመት ለልኬት ስትመጪ ምን ሆነሽ እንደነበር ረስተሽዋል? ሳምንት ሙሉ ጭማቂ ብቻ ጠጥተሽ፣ ጉንጭሽ ገብቶ፣ ከአውቶቡሱ ስትወርጂ የበሩን እጀታ ይዘሽ ነበር። እትዬ ሜትሩን ወገብሽ ላይ ስትጠመጥም «ሰውነቴ ይኸው ነው፤ ትርፍ ጨርቅ እንዳትተዪ፣ ያሳብጠኛል» አልሻት። እሷም «እሺ» አለችሽ። ወር ሳይሞላ ተመልሰሽ ድንቡሼ ሆንሽ። ቬሎው ግን የተሰፋው ለዚያች ለሳምንቷ ሴትዮ ነው። እሷን ማን ያውቃታል? የምታገባው አንቺ ነሽ።

ሠርጉ መጋቢት ላይ ነው። ከተማው ሙሉ ልብስ ሰፊ አለ። መሐላችንን አንሺልንና ይለቀቅ። ካላነሳሽልን ግን እኔ ዝም ብዬ አልቀመጥም፣ ከአሁኑ እወቂው።

ወንድምሽ ጭራሮ


ጥር 20

ለጭራሮ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሆቴላችን እንግዳ በዝቶበት ነበር። «ሰላምታው አለቀ» ብለህ ለታላቅ እህትህ የምትጽፍ መቼ ነው እንዲህ ያደግኸው? እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሳምልኝ ማለቴ ነው፤ ይኸው እስክርቢቶዬም ተሳሳተ።

ለምን አትደውዪም ካልከኝ፣ መልሱን አንተም ታውቀዋለህ። እማዬ ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገኝና የምናገረውን ፎቁ ሁሉ ይሰማዋል። ስለ ወገቤ ከጎረቤት ጋር መወያየት አልፈልግም።

እጮኛዬ ቀንሺ ብሎኝ እንዳይመስልህ። አትጥላው፣ ገና ሳታውቀው። እሱ እንዲያውም ሳህኔ ላይ ትራፊ ሲያይ «ታመምሽ እንዴ?» ይላል። ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፣ የሚያስጨንቀው መብራት መጥፋቱ ብቻ ነው። ጭማቂውን ያስተማረችኝ እህቱ ናት። ጠዋት ካሮትና ፖም፣ ቀትር ላይ ቀይ ሥር በሎሚ፣ ማታ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ሣር ሣር የሚል አረንጓዴ ነገር። ሰውነት ያርፋል፣ ቆሻሻው ይወጣል ትላለች። ቀይ ሥሩን ጠጥቼ አፌ እንደቀላ የሆቴሉ መቀበያ ጋ ስቆም አንድ ሽማግሌ እንግዳ ደንግጠው «ልጄ፣ ማን መታሽ?» አሉኝ።

ይሠራል ወይ ብትለኝ፣ ሦስት ኪሎ ወረድኩ። ከዚያ ሩዝ በላሁ፣ በማግስቱም ሾርባ በዳቦ፣ እና አብዛኛው ተመለሰ። ስለዚህ ወደ ሠርጉ ጠጋ ስል ረዘም አድርጌ እደግመዋለሁ። ቀላል ሂሳብ ነው፤ ኪሎው ሳይመለስ ቬሎው ውስጥ መግባት ነው።

መሐላውን ግን አላነሳም፣ ቁርጡን እወቅ። ጭራሮ፣ የእሷ እጅ መጨረሻ ያረፈበት ልብስ እኮ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ አልሰፋችም። አንድ ክር ከተበጠሰ ሁለተኛ የቀበርኳት ያህል ይሰማኛል። ልብሱ ለእኔ ከሚስተካከል እኔ ለልብሱ ብስተካከል ይሻላል። አንተ የማትወፍር ፍጡር ነህ፣ ይህ አይገባህም።

ትምህርትህን እየተከታተልህ ነው? እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 27

ድንቡሼ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ይህ ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን ቀደድኩት፣ እማዬ ብታነበው ጆሮዬን ትይዘኝ ነበር።

አዎ፣ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነው። ማስረጃ ከፈለግሽ የባዮሎጂ መምህራችንን ስለ አንቺ ጠይቄዋለሁ። አንቺ ነሽ አላልኩም፣ «አንዲት የማውቃት ሴት» ነው ያልኩት። «ጭማቂ ብቻ እየጠጣች ቆሻሻ እያስወጣሁ ነው ትላለች» አልኩት።

«የትኛውን ቆሻሻ?»

«ስሙን አላውቀውም።»

«እሷም አታውቀውም። ያንን ሥራ ኩላሊትና ጉበት ሲሠሩት ነው የሚውሉት፣ ያውም ዕረፍት ሳይጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው በአብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ የቤቱን መንገድ አይረሳም፤ ስትበላ ይመለሳል።»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ሴትዮዋ ቆንጆ ናት?» አለ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የዳቦ ቤቷን ሴትዮ ታውቂያታለሽ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን። እትዬ መክሳት የጀመረች ሰሞን ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ እጇን አጨበጨበች። «ውይ! እንዴት አምሮብሻል! ምን ጠጥተሽ ነው?» እትዬ መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ «ምንም አልጠጣሁም» አለቻት። «ኧረ አትደብቂን! ምስጢሩን ለእኔም!» ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደዚያው ነው። ቀጠን ያለች ወገብ፣ የወጣ አንገት፣ ምን የማይሉት ነገር ነበር። ሰው እንዲህ ሲያደንቅሽ እንዴት ሐኪም ቤት ልሂድ ትያለሽ? በመጨረሻ ስንሄድ ሐኪሙ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለን። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ሰፈሩ ሲያጨበጭብላት ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ ማንም ሰው ከስቶ አማረበት ሲሉኝ እጄን አላነሳም። ለአንቺም አላጨበጭብም። ብትለምኚኝም አላደርገው።

እሷ ራሷ ምን ትል እንደነበር ረሳሽው? «ጠበብ አድርጊልኝ፣ እከሳለሁ» የሚሏትን ሁሉ «እሺ፣ ስትከሺ ነይ፤ እስከዚያው የምትተነፍሺበትን እሰፋልሻለሁ» ነበር የምትላቸው። ያንቺን ብቻ ነው እንዳልሽው የሰፋችው። እህቷ ስለሆንሽ ተሸነፈችልሽ። እኔ ግን አልሸነፍልሽም።

ሁለተኛውን ዙር ከጀመርሽ እኔም እጀምራለሁ። አንቺ እስክትበዪ እኔም ጭማቂ። ኪሴ ሎሚ ለመግዛት አያንስም።

ጭራሮ


የካቲት 4

ጭራሮ፣

ጽሑፌ ቢወላገድ አትታዘበኝ፤ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው።

እንዳትሞክረው! ከምንህ ልትቀንስ ነው? ከጥላህ?

ስለ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ አላውቅም ነበር። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልከኝ? ደብዳቤውን መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ሦስቴ አነበብኩት። ግን እኔ አልታመምኩም፤ የእኔ በፈቃዴ ነው፣ ሁለቱን አታምታታቸው።

አዎ፣ ሁለተኛውን ዙር ጀምሬያለሁ። እንዴት ነው ካልከኝ፣ ጥሩ ነው። ትናንት እንግዳ ሻንጣ ሲያስገባ የሻንጣው ጋሪ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ነው ያልኩህ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ከታች ድረስ መጥቶ «ይቺን ልጅ አንድ ሰው ያብላት!» ብሎ እንግዳ ፊት ጮኸብኝ፤ አፈርኩ። ግንባሬ ላይ ያለችው ቁስል ትንሽ ናት፣ ፀጉሬን ወደፊት ካደረግሁ አትታይም። ለእማዬ እንዳትነግራት።

አንድ ነገር ልንገርህና ከዚያ በኋላ ስለዚህ አንነጋገር። ሲርበኝ ስለ እትዬ አላስብም። ስለ ዳቦ ነው የማስበው። ከጠዋት እስከ ማታ ዳቦ ብቻ። ከሞተች ጀምሮ እንዲህ አርፌ አላውቅም።

እስክጨርስ ድረስ አትጻፍልኝ። ደብዳቤህ ያስርበኛል።

እህትህ


የካቲት 9

ድንቡሼ፣

አትጻፍ ብለሽኛል። ይኸው ጻፍኩ።

ግንባሩን የሚመታ ሰው ተቀምጦ አይደለም፣ ወድቆ ነው። ገብቶኛል። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ደብዳቤሽን ራሷ አንብባዋለች፣ ትራሴ ሥር አግኝታው። ስለዚህ ይቅርታ።

ሞከርክ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ አንድ ቀን። ጠዋት ካሮት ፈጭቼ ጠጣሁ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ሁለት ሆነብኝ። ዕረፍት ላይ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ዳቦውን አውጥቶ ከመግመጡ በፊት የእኔ አፍ ውስጥ ገባ። «ሌባ!» እያለ ግቢውን ሁሉ አሯሯጠኝ። ትግሌ እንዲህ ተጠናቀቀ። ግን አንድ ነገር ተማርኩበት። እውነትሽን ነው፣ ያን ጠዋት ስለ እትዬ አንዴም አላሰብኩም። ዳቦውን ስጨርስ ነው የመጣችብኝ። የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ልጁም ለዳቦው የማለቅስ መስሎት ይቅር አለኝ። ድንቡሼ፣ ጠግቤ ባለቅስላት ይሻለኛል።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽ። ወንበር ላይ ሆነሽ አንብቢው። ደህና አድርገሽ ተቀመጪ፣ እንደ ጋሪው እንዳይሆን።

እሑድ ጠዋት እማዬን ቁልፉን ስጪኝ አልኳት።

«ለምን?»

«ቬሎውን ልፈታው ነው።»

«አንተ ልጅ! እህትህ አስምላሃለች!»

«አዎ። አፈርሰዋለሁ። አንድ እህት ቀብሬያለሁ። ሌላዋን ለጨርቅ ብዬ አልቀብርም።»

እማዬ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እኔ አላይም» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

አንሶላውን ገለጥኩት። ቬሎውን መኪናው ላይ ዘረጋሁት። ስትሰፋው አንዴም አላስገባችኝም ነበር፤ «ነጭ ነው፣ እጅህ ቀለም ነው» ብላ በሩን ትዘጋብኝ ነበር፣ ስለዚህ ከውስጥ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ምላጩን ከመሳቢያዋ አወጣሁ። አንቺ እንዳልሽው ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ። አንዴ ልመልሰው ብዬ ነበር። ከዚያ ያቺ ጋሪ ትዝ አለችኝና ገበሩን ከታች በኩል ገለበጥኩት።

ሰማያዊ ነው።

ሰማያዊ ነው፣ ድንቡሼ። ከብብት እስከ ዳሌ፣ በሁለቱም ጎን። ሌላው ስፌት ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ነው፣ ጎኑ ግን ረዘም ረዘም ያለ፣ ላላ ያለ፣ ምላጭ ሲያይ የሚከፈት ስፌት። ውስጡ በየጎኑ ሦስት ሦስት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ፣ ተተኩሶ ተኝቷል። ምንም አያሳብጥም። ትርፍ እንዳትተዪ ስትያት እሺ ብላሽ አልነበር? ዋሽታሻለች። ያች ለሳምንት የከሳች ሴትዮ አላታለለቻትም። እሷም እንደ ሌሎቹ ደንበኞች «ስትከሺ ነይ» ተብላለች፣ ሳትሰማ።

ደግሞ መቼ እንደሰፋችው አስቢ። የራሷ ልብስ በየቀኑ እየሰፋት ነበር። እሷ እዚያ ተቀምጣ ለአንቺ ቦታ እየተወች ነበር።

«እማዬ፣ ነይ እዪ» አልኳት።

«አላይም ብዬሃለሁ።»

«ሰማያዊ ነው።»

መጣች። መነጽሯን ልታመጣ እንኳ አልተመለሰችም፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከላይ እስከ ታች። «ይቺ አታላይ!» አለችና ሳቀች። ከዚያ የእትዬ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ዛሬ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ። ብዙ ቆየች። እኔም ሥራዬን ሠራሁ።

ግራውን ፈትቻለሁ። ነጩን አልነካሁም። ከደብዳቤው ጋር የላክሁልሽ ክር ከዚያ የወጣ ነው።

ቀኙን ትቼልሻለሁ። መፍታት ያለብሽ አንቺ ነሽ። የእሷን እጅ ማንም እንዳይነካው ብለሽ አስማልሽን፤ የእሷ እጅ ደግሞ ፍቱት ብሎ ጽፎ ሄዷል፣ ያንን ጽሕፈት ማንበብ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ከፈለግሽ ለሠርግሽ አትጥሪኝ፣ በመስኮት እገባለሁ። መሐላ አፍርሻለሁ፣ ይቅርታም አልጠይቅም።

ጭራሮ


የካቲት 15

መሐላ አፍራሹ ወንድሜ፣

መጀመሪያ ተቆጣሁ። እውነቴን ነው። ደብዳቤው የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው፤ «ልፈታው ነው» የሚለው ጋ ስደርስ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ዳግመኛ ላላናግርህ ወስኜ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ወንድም አልነበረኝም። ከዚያ ፖስታውን ልጥለው ሳራግፈው ክሩ ወደቀ።

መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ፣ የእንግዶች ቁልፍ መሐል። ጠመዝማዛ ነው፣ አሁንም የስፌቱን ቅርጽ ይዟል። አንድ እንግዳ የክፍሉን ቁልፍ እየጠየቀኝ ነበር፤ ክሩን እጁ ላይ ላስቀምጥለት ምንም አልቀረኝም። የቀረውን ያኔ አነበብኩት።

ወጥ ቤት ወረድኩ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ፊቴን አየና አልጮኸብኝም። ሁለት እንቁላል ጠበሰ፣ ዳቦ ቆረጠ፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። ቆሜ በላሁ። ግማሹ ላይ መጣችብኝ፣ እንዳልከው፣ ልክ እንዳልከው። እያለቀስኩ አኘክሁ። ሰውዬው ሽንኩርቱን እየከተፈ፣ ያስለቀሳት ሽንኩርቱ ነው እንዲባል በደንብ አስጠጋልኝ። ስጨርስ «ሌላ?» አለ። «ሌላ» አልኩት።

ለእጮኛዬ እህት ነግሬያታለሁ። «አሁን ብታቋርጪው ሁሉም ይመለሳል» አለችኝ። «ቦታ ተትቶልኛል፣ ይመለስ» አልኳት።

ለምን እንዳልነገረችኝ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ብትነግረኝ ያን ቀን ተቆጥቼ አስፈታት ነበር። ታውቀኛለች።

አሁን የምለውን ስማ። እማዬን ከዚያ ወንበር አታስነሳት፣ ትቀመጥበት። ቬሎውን ደግሞ እንደገና በአንሶላ እንዳትጠቀልሉት። ቀኙን እኔ መጥቼ እፈታዋለሁ። እስከዚያው ከነካኸው ጣትህን ነው የምፈታው።

ድንቡሼ


የካቲት 21

ድንቡሼ፣

ጣቴ በቦታው ነው፣ ቀኙም በቦታው ነው። ላዘዝሽው ሁሉ መልሴ እሺ ነው፤ የግራውን ስፌት እኔ አልሰፋውም፣ አንቺ ከለካሽው በኋላ ልብስ ሰፊ ይሠራዋል፣ በሰማያዊ ክር እንዲሰፋው ነግረነዋል። «ለምን በሰማያዊ?» አለ። እማዬ «ትወልድ የለ እንዴ!» አለችው። ደንግጠሽ እንዳትቀሪ፣ እሷ ናት ያለችው።

ትናንት ዳቦ ልገዛ ሄጄ ሴትዮዋ ከመደርደሪያው ኋላ «እህትህ እንዴት ናት? ለሠርጓ ከስታ፣ አምሮባት ትመጣለች አይደል?» አለችኝ። ወረፋው ሙሉ ሰው ነበር። ዝም ብዬ ሳንቲሜን መቀበል እችል ነበር።

«አልከሳችም» አልኳት። «አምሮባት ትመጣለች።»

ምላጩ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ የድሮው ቦታ። ሳይርብሽ ነይ።

ጭራሮ